የበታች ታጋይ መዝገብ
በጃፓን የሱሞ ትግል ድልና ሽንፈት ስለሚቈጠሩበት ሥርዓት፤ ከመተማ ወሰን ሲታይ

1. መግቢያ

መተማ ከጎንደር ወደ ምዕራብ ቍልቍል ተወርዶ በሱዳን ወሰን ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከወሰኑ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ትባላለች፤ ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ የቀደሙት መንገደኞች እንደ አንድ ገበያ ቈጥረው ስማቸውን እያለዋወጡ ጽፈዋቸዋል። ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው የነጋዴ መንገድ የሚያልፈው በዚህ ነበር። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር የመጡት ተክሩሮች በገበያው ዙሪያ ሰፍረው በ19ኛው መቶ ዓመት በራሳቸው ሼኽ ይተዳደሩ ነበር። ጉሙዝ፣ አማራ፣ ቅማንትና አገው በዚሁ ቆላና በአካባቢው ይኖራሉ። ዛሬ አገሩ ዋና ከተማው ገንዳ ውሃ በሆነው በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ሲሆን፤ በየዓመቱ ሰሊጥና ጥጥ በሚሰበሰብበት ወራት ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርድበታል።

ይሁን እንጂ መተማ በታሪክ የምትታወቀው ከገበያዋ ይልቅ በአንድ ቀን ውጊያ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. በዚህ ስፍራ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ከዚያ አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በ1868 ዓ. ም. የግብፅን ጦር በጉንደትና በጉራዕ ሁለት ጊዜ ድል አድርጎ ነበር፤ ራስ አሉላም በ1878 ዓ. ም. በኩፊት፣ በ1879 ዓ. ም. በዶጋሊ ድል አድርገው ነበር። በመተማም ቢሆን የኢትዮጵያ ጦር የጠላቱን የእሾህ ምሽግ ጥሶ ከገባ በኋላ ነው ንጉሡ ቈስለው ነገሩ የተገለበጠው። ሆኖም የመተማ ስም ሲነሣ በሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ያ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ድሎች ቍጥር ውስጥ የሚገቡት ለመርማሪ ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። ተዋጊ ወይም ታጋይ የሆነ ሰው የሚመዘነው በምኑ ነው? በታላቁ ቀን ነው? በመጨረሻው ቀን ነው? ወይስ በቀኖቹ ሁሉ ድምር? የዓለም ሕዝቦች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም። ከእነርሱም መካከል ጥያቄውን እስከ ጥግ ድረስ በቍጥር ለመመለስ የደከሙት ጃፓኖች ሱሞ በሚባለው የትግል ሥርዓታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው የሱሞ ባለ ዝና ሳይሆን ስሙ በሰሌዳው ግርጌ በቀጭን ፊደል የሚጻፈው የበታች ታጋይ ነው፤ የአንድ ሥርዓት ጠባይ ከአናቱ ይልቅ በግርጌው ይገለጣልና።

2. በቃል የሚያዝ መዝገብ

በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ትግል የእረኞችና የጎልማሶች የቆየ ጨዋታ ነው። ዛሬም በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ከገና፣ ከገበጣ፣ ከጉግስና ከሌሎቹ ጋር ሆኖ በአገር አቀፍ ውድድር ይታያል። በልማድ ግን የታጋይ ማዕረግ የሚጠበቀው በጽሑፍ ሳይሆን በተመልካች ትዝታ ነው። እገሌ እገሌን ጣለው፤ የእገሌ አገር ልጅ በእገሌ አገር ልጅ ተጣለ፤ ይህ ከእረኛ ወደ እረኛ፣ ከመንደር ወደ መንደር ይነገራል፤ የሚናገረውም ትውልድ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

የጦረኛውና የአዳኙም መዝገብ እንዲሁ በቃል የሚያዝ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው ምልክቱን ይዞ በጌታው ፊት እየፎከረ ይቀርባል፤ የጣለውን ይቈጥራል፤ ስፍራውንና ወንዙን ይጠራል። ይህ ቍጥር ግን አንድ ወገን ብቻ ያለው ቍጥር ነው። በፉከራ ውስጥ የሽንፈት ዐምድ የለም። የሸሸበትን ቀን የሚፎክር ሰው አይገኝም፤ የሸሸበትን የሚነግርለት ባላጋራው ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚነግረው የራሱን ድል ለማሳመር ነው። በአዲሱ ዘመን እንኳ ይህ ልማድ አልጠፋም። አበበ ቢቂላ እ. ኤ. አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማሸነፉን ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ በ1968 በሜክሲኮ በጉዳት ምክንያት ሩጫውን ማቋረጡን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ከመተማ ማዶ በሱዳንም ነገሩ ይመሳሰላል። በደቡብ ኮርዶፋን በኑባ ተራሮች የሚኖሩት ሕዝቦች በትግል የታወቁ ናቸው። ታጋዮቹ ገላቸውን አመድ ተቀብተው፣ መንደር ከመንደር ተጋብዞ፣ ከአዝመራ ጋር በተያያዘ ወራት ይገጥማሉ፤ አሸናፊው በትከሻ ተይዞ ይዞራል። ዚግፍሪድ ናዴል እ. ኤ. አ. በ1947 ስለ ኑባ ሕዝቦች ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ትግሉ የወጣቶችን የዕድሜ እርከን ከሚለዩት ነገሮች አንዱ መሆኑን ገልጧል። በኋላ ጦርነትና ድርቅ ብዙ ኑባዎችን ወደ ካርቱም ባፈለሰ ጊዜ ትግሉ አብሮ ፈለሰ፤ በሰሜን ካርቱም በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የታወቀ የትግል ሜዳ ሆነ። እ. ኤ. አ. በ2013 በካርቱም የጃፓን ኤምባሲ ባልደረባ የሆነ አንድ ዲፕሎማት ከኑባ ታጋዮች ጋር በሕዝብ ፊት መግጠሙ በዓለም ዜና ተነግሯል። በቃል የሚቈጠር ትግልና በመዝገብ የሚቈጠር ትግል ያለው ሕዝብ ልጆች በአንድ ሜዳ የተያዩበት አጋጣሚ ነበረ።

3. የማዕረግ ሰሌዳው

በሱሞ ሁለት ታጋዮች 4.55 ሜትር ስፋት ባለው ክብ መድረክ ላይ ይገናኛሉ። ከክቡ የወጣ፣ ወይም ከውስጥ እግሩ መርገጫ በቀር ሌላ የሰውነቱ ክፍል መሬት የነካ ተሸናፊ ነው። አብዛኛው ግጥሚያ በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። ድሉ የተገኘበት ስልት በስሙ ይመዘገባል፤ በደንቡ የታወቁት የማሸነፊያ ስልቶች 82 ናቸው።

የመዝገቡ ሁሉ ራስ ባንዙኬ የሚባለው የማዕረግ ሰሌዳ ነው። በቀድሞዋ ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ዛሬ በሚታወቀው ቅርጹ የተገኘው የመጀመሪያው ሰሌዳ የእ. ኤ. አ. 1757 ነው። ሰሌዳውን ዳኞቹ ራሳቸው በብሩሽ ይጽፉታል፤ ከዚያም አንሶ ይታተማል። በላይኛው መስመር የታላላቆቹ ስም በወፍራም ፊደል ይጻፋል፤ ወደ ታች በተወረደ መጠን ፊደሉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በግርጌው መስመር የሚገኙት ስሞች እጅግ ከመቅጠናቸው የተነሣ ጃፓኖች የዚያን ክፍል ሰዎች በቀልድ «የማጉያ መስተዋት» ብለው ይጠሯቸዋል። የፊደሉ ውፍረት የሰውየው ማዕረግ ነው ማለት ይቻላል።

ማዕረጎቹ ስድስት ክፍሎች ናቸው። ከላይ ወደ ታች ማኩኡቺ፣ ጁርዮ፣ ማኩሺታ፣ ሳንዳንሜ፣ ጆኒዳንና ጆኖኩቺ ይባላሉ። በማኩኡቺ 42፣ በጁርዮ 28 ሰዎች አሉ። ደመወዝ የሚከፈላቸው እነዚህ 70ዎቹ ብቻ ናቸው። ከእነርሱ በታች በማኩሺታ 120 ሰዎች ይገኛሉ፤ የቀሩት በሦስቱ የታችኞቹ ክፍሎች ይደለደላሉ፤ ጠቅላላው ቍጥር በአሁኑ ጊዜ ወደ 600 የሚጠጋ ነው።

በ70ኛውና በ71ኛው ሰው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ደረጃ ብቻ ይመስላል፤ በኑሮ ግን የጌታና የሎሌ ያህል ነው። እ. ኤ. አ. በ2019 በተሻሻለው ክፍያ የጁርዮ ታጋይ በወር 1,100,000 የን ያገኛል፤ የጆኖኩቺ ታጋይ ግን በየውድድሩ 77,000 የን የኪስ ገንዘብ ብቻ ይሰጠዋል። ውድድሩ በዓመት ስድስት ጊዜ ስለ ሆነ የበታቹ የዓመት ድርሻ 462,000፣ የጁርዮው 13,200,000 የን ይሆናል፤ ይህም ከ28 እጥፍ በላይ ነው። የበታቹ ታጋይ በአለቃው ቤት ከባልንጀሮቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ይተኛል፤ ቤት ይጠርጋል፤ ወጥ ይሠራል፤ ታላላቆቹ ሲታጠቡ ያግዛል፤ በክረምት ብርድም በስስ ልብስና በእንጨት ጫማ ይሄዳል። በማዕድም የሚቀርበው ታላላቆቹ ከበሉ በኋላ ነው።

4. የሰባት ግጥሚያ ሒሳብ

የሁለቱ የበላይ ክፍሎች ሰዎች በአንድ ውድድር ለ15 ቀን 15 ጊዜ ይገጥማሉ፤ የበታቾቹ በዚያው 15 ቀን 7 ጊዜ ብቻ ይገጥማሉ። ድል በነጭ ክብ፣ ሽንፈት በጥቍር ክብ ይጻፋል። ቍጥሮቹ ጎዶሎ እንዲሆኑ መደረጋቸው በከንቱ አይደለም፤ ከ7 ግጥሚያ እኩል በእኩል መውጣት አይቻልም። 4 ድልና 3 ሽንፈት ያለው ከፍ ይላል፤ 3 ድልና 4 ሽንፈት ያለው ዝቅ ይላል። የቀረ ሰው የቀረበት ቀን ለማዕረጉ እንደ ሽንፈት ይቈጠርበታል፤ ጉልበቱ የተሰበረ ታጋይ ሳይገጥም የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በመዝገቡ ላይ መቅረት ሦስተኛ ዐምድ ሆኖ ለብቻው ይጻፋል፤ የወደቀና የታመመ አንድ እንዳይሆኑ ሥርዓቱ በጽሑፉ ይለያቸዋል።

በበታቾቹ ክፍሎች ዋናው ደንብ እኩል ድል ያላቸው እርስ በርሳቸው እንዲገጥሙ ማድረግ ነው። የዚህን ውጤት በምሳሌ መረዳት ይቻላል። 128 ሰዎች ቢኖሩ፣ ደንቡም ሳይዛነፍ ቢጠበቅ፣ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በኋላ 64 አሸናፊና 64 ተሸናፊ ይኖራል፤ አሸናፊ ከአሸናፊ፣ ተሸናፊ ከተሸናፊ ይገናኛል። ሰባቱ ግጥሚያ ሲያልቅ 7 ለ 0 የሚሆን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ 6 ለ 1 የሚሆኑት 7፣ 5 ለ 2 የሚሆኑት 21፣ 4 ለ 3 የሚሆኑት 35 ናቸው። በሽንፈቱም በኩል ቍጥሩ ያው ነው፤ 35፣ 21፣ 7፣ በመጨረሻም ሰባቱንም የተሸነፈ አንድ ሰው። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር የታጋዮቹ ጉልበት ምንም ቢሆን ይህ ድርድር የማይለወጥ መሆኑ ነው። ጉልበት የሚወስነው ማን በየትኛው ስፍራ እንደሚውል እንጂ ስንቱ እንደሚያሸንፍና ስንቱ እንደሚሸነፍ አይደለም። የሰዎቹ ሁሉ ብርታት በአንድ ሌሊት እጥፍ ቢሆን እንኳ በማግሥቱ ግማሾቹ ተሸናፊዎች ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለብዙ ዓመት የቆየ የበታች ታጋይ የድሉና የሽንፈቱ ድምር ወደ እኩሌታ የሚጠጋ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም። ሲያሸንፍ ወደ ላይ ይወጣና ከብርቱ ጋር ይገጥማል፤ በዚያም ይሸነፋል። ሲሸነፍ ወደ ታች ይወርድና ከደካማ ጋር ይገጥማል፤ በዚያም ያሸንፋል። እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ እያለ ጉልበቱ ልክ በሆነበት ስፍራ ይረጋል። እንግዲህ የእርሱ ደረጃ የሚታወቀው ከመቶ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ በመቍጠር ሳይሆን እኩል በእኩል የሆነበት ስፍራ የት እንደ ሆነ በማየት ነው። የአንድ የማኩሺታ ሰው 50 ከመቶና የአንድ የጆኒዳን ሰው 50 ከመቶ አንድ ቍጥር ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ይህ ሚዛን የማይሠራባቸው ሁለት ስፍራዎች አሉ፤ አናቱና ግርጌው። በአናቱ ያለው ዮኮዙና ቢሸነፍ ከማዕረጉ አይወርድም፤ ለማዕረጉ የማይበቃ ሲሆን መሰናበት ብቻ ይጠበቅበታል። በግርጌው በጆኖኩቺ ያለው ደግሞ ቢሸነፍ የሚወርድበት ሌላ ስፍራ የለውም። ሁለቱም ከሥራቸው መሬት የለም፤ ለአንደኛው መውጫው መሰናበት ነው፤ ለሁለተኛው ግን ነገ ደግሞ ሌላ ግጥሚያ አለው።

5. ሦስት መዛግብት

በግርጌው ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩት መዛግብት ሁሉ የሚልቀው ሃቶሪዛኩራ በሚል ስም የጀመረው፣ በኋላም ሾናንዛኩራ የተባለው ታጋይ መዝገብ ነው። ከሺኪሂዴ ቤት የሆነው ይህ ወጣት በ1998 ተወልዶ እ. ኤ. አ. በ2015 ሱሞ ገባ፤ በ2021 ተሰናበተ። ጠቅላላ መዝገቡ 3 ድል፣ 238 ሽንፈትና 1 መቅረት ነው። ከመቶ ሲሰላ ድሉ ከአንድና ከሩብ አይበልጥም። ከሽንፈቶቹ 89ኙ በተከታታይ የመጡ ነበሩ፤ በ2018 ሰንሰለቱ ተቈረጠ። በ2019 መጀመሪያ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ድል ካገኘ በኋላ ደግሞ እስከ ስንብቱ 104 ጊዜ በተከታታይ ወደቀ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ሁሉ በዚህ መዝገብ የሳቁ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከላይ የተገለጸውን ሒሳብ ያስተዋለ ሰው መዝገቡን በሌላ ዓይን ያነበዋል። ይህ ታጋይ በሌላ ክፍል ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ወደ ታች እያወረደ እኩያውን ያገናኘው ነበር፤ ከእርሱ በታች ግን ማንም የለም። በጆኖኩቺ የሚገኙት ባብዛኛው አዲስ ገቦችና ከሕመም ተመልሰው እንደገና ወደ ላይ የሚወጡ ናቸው። ሁሉም አላፊ ናቸው፤ እርሱ ግን በዚያው ነበር። ሌሎቹ ሲያልፉ ነጭ ክብ ይዘው አለፉ፤ ጥቍሩ ክብ ለእርሱ ቀረ። ስለዚህ 238 የሚለው ቍጥር የአንድን ሰው ድካም ብቻ የሚመሰክር አይደለም፤ በእርሱ ላይ ረግጠው የወጡትን ሰዎች ቍጥርም የሚመሰክር ነው። ከዚህም ሌላ በ242ቱ ግጥሚያዎች ውስጥ የቀረው አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ከመዝገቡ የሚነበብ ነገር ነው። በፉከራ ሥርዓት ይህ ሰው ስም አይኖረውም ነበር፤ በሰሌዳው ሥርዓት ግን ስሙ በቀጭን ፊደልም ቢሆን በየውድድሩ ተጽፏል።

ሁለተኛው መዝገብ የኢቺኖያ ነው። በሪዩክዩ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሮ ከተመረቀ በኋላ እ. ኤ. አ. በ1983 ሱሞ የገባው ይህ ሰው እስከ 2007 ድረስ፣ ማለት 46 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ታግሏል። ሦስተኛው ሃናካዜ የተባለው ሲሆን በ1986 ገብቶ በ2022 በ51 ዓመቱ ተሰናብቷል። ሁለቱም ደመወዝ ከሚከፈልበት ክፍል አንድ ቀን እንኳ አልደረሱም። አንዱ 24፣ ሌላው 36 ዓመት በዚያ አዳራሽ ኖረዋል። የድላቸው መጠን ወደ ላይ ቢያንስ ኖሮ ወደ ታች ይወርዱ ነበር፤ ቢበዛ ኖሮ ወደ ላይ ይወጡ ነበር፤ በስፍራቸው መቈየታቸው ራሱ የመዝገባቸው ትርጉም ነው። ሰሌዳው የማይጽፈው፣ ነገር ግን ከሰሌዳው የሚታወቅ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መሰንበት ነው።

ለማነጻጸር ያህል ከአፍሪካ ወጥቶ በባለሙያ ሱሞ የመጀመሪያ የሆነውን የግብፃዊውን ኦሱናአራሺን መዝገብ ማንሣት ይገባል። በ1992 በጊዛ የተወለደው ይህ ታጋይ በ2012 ጀምሮ በሐምሌ 2013 ጁርዮ፣ በኅዳር 2013 ማኩኡቺ ደረሰ። የጁርዮው የመጀመሪያ ውድድሩ ከረመዳን ጋር ስለ ገጠመ ቀን እየጾመ ታግሏል። በሐምሌ 2014 ሁለት ዮኮዙናዎችን፣ ካኩርዩንና ሃሩማፉጂን ጣለ። ነገር ግን በ2018 ከመድረክ ውጪ በሆነ ጥፋት ምክንያት ሱሞን ለቀቀ። የእርሱ መዝገብ ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይን ይመስላል፤ የሃናካዜ ደግሞ በወንዝ ዳር ያለ ድንጋይን። የትኛው ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ የሰሌዳው መልስ ግልጽ ነው፤ ባለ ወፍራሙ ፊደል ይበልጣል። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም በስማቸው ያስባል።

6. ቍጥር የሚሰውረውና ቍጥር የሚገልጠው

ሥርዓቱ ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። ከ15 ግጥሚያ 8ኛው ድል ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ዋጋ ያለው ስለ ሆነ በመጨረሻው ቀን 7 ለ 7 ሆኖ የሚገባ ሰው ለመሸነፍ የማይችል፣ 8 ለ 6 ሆኖ የሚገባው ባላጋራው ደግሞ ቢሸነፍም የማይጎዳ ይሆናል። ስቲቨን ሌቪትና ማርክ ደገን የተባሉ አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ. ኤ. አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከ1989 እስከ 2000 የነበሩትን የበላይ ክፍሎች ግጥሚያዎች መርምረው እንዲህ ባለው ቀን 7 ለ 7 የሆነው ሰው ከመቶ 80 ያህል ጊዜ እንደሚያሸንፍ አሳዩ፤ በተለመደው ጉልበታቸው ሲገመት ግን ከግማሽ በታች ሊሆን ይገባው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ በሌላ ውድድር ሲገናኙም ቀድሞ ያሸነፈው ከተለመደው በታች ያሸንፍ ነበር፤ ብድር የሚመለስ ይመስላል።

ነገሩ በጥናት ብቻ አልቀረም። እ. ኤ. አ. በ2011 መጀመሪያ ታጋዮች በስልክ የተላላኩት መልእክት ተገኝቶ ግጥሚያ ይሸጥ እንደ ነበር ታወቀ፤ በመጋቢት የነበረው ውድድር ተሰረዘ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ከሱሞ ወጡ። ጕዳዩ በይበልጥ የታየው በጁርዮ አካባቢ መሆኑ ከላይ ስለ 70ኛውና ስለ 71ኛው ሰው ከተባለው ጋር ይስማማል። ሰውን ከደመወዝ ወደ ኪስ ገንዘብ የሚጥል ገደል ባለበት ስፍራ አጥር የሚሰብር አይጠፋም።

ይሁን እንጂ ይህ ጥፋት ሊታወቅ የቻለበት ምክንያት ራሱ መዝገቡ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ድልና ሽንፈት፣ ቀኑና ባላጋራው ባይጻፍ ኖሮ ሊቃውንቱ የሚቈጥሩት ባልኖረም ነበር። በቃል በሚያዝ ሥርዓት ግጥሚያ ቢሸጥ ወሬ ሆኖ ይቀራል፤ ሐሜተኛው እውነት ቢናገር እንኳ የሚያስረዳበት የለውም። እንግዲህ ሽንፈትን መጻፍ ተሸናፊውን ለማዋረድ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ አሸናፊውንም ከሐሰተኛ ድል ይጠብቀዋል።

7. ለቆላው አገር ምርምር ያለው ትርጉም

ይህ ሁሉ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ምን ይጠቅማል? ሚያዝያ 2015 ዓ. ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ካርቱም ከመጀመሪያዎቹ የጦር ሜዳዎች አንዷ ሆነች፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ በኩመርና በአውላላ ለስደተኞች መጠለያ ተቋቋመ። በካርቱም ዙሪያ የነበረው የኑባ ትግል ተመልካች በየአገሩ ተበታተነ። በሰሌዳ የሚያዝ መዝገብ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው በአንድ ሣጥን ይሻገር ነበር። በተመልካች አእምሮ የሚያዝ መዝገብ ግን የሚቆመው ተመልካቹ አንድ ላይ እስከ ቆመ ድረስ ነው፤ ግማሹ በመተማ፣ ግማሹ በካይሮ፣ ግማሹ በቻድ ከሆነ «እገሌ እገሌን ጣለው» የሚለውን የሚያጸና ምስክር አይገኝም። በዚህም ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የታላቁ ታጋይ ስም አይደለም፤ እርሱን ዘፈን ያቈየዋል። የሚጠፋው የመካከለኛውና የተሸናፊው ስም ነው። እነርሱ ሲጠፉ ደግሞ የታላቁ ታላቅነት በምን እንደ ተለካ አብሮ ይጠፋል፤ ማንን እንደ ጣለ ያልታወቀ ታጋይ መታገሉም የሚያጠራጥር ይሆናልና።

የኢትዮጵያም ትግል ከዚህ አደጋ የራቀ አይደለም። ከደጋ ወደ ሰሊጥ እርሻ የሚወርደው ወጣት ከእረኛ ባልንጀሮቹ ተለይቶ ይሄዳል፤ የልጅነቱን ጣይና ተጣይ የሚያስታውሱለት ሰዎች በሌላ አገር ይቀራሉ። አገር አቀፉ ውድድርም ቢሆን አሸናፊውን ሸልሞ ከሸኘ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ወድቆ የተመለሰውን ካልጻፈ መዝገቡ ከፉከራ አይለይም።

ስለዚህ የትግል ጨዋታን የሚመረምር ተማሪ ከሱሞ ሰሌዳ ሊወስዳቸው የሚችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። የሁለቱንም ታጋዮች ስም መጻፍ፤ የገጠሙበትን ስፍራ፣ ቀንና በዓል መጻፍ፤ የመጣሉን ስልት የአገሩ ሰው በሚጠራበት ቃል መጻፍ፤ በሕመም የቀረውን ከወደቀው ለይቶ መጻፍ፤ ከሁሉም በላይ የተሸነፈውን ሰው ስለ ሽንፈቱ መጠየቅ። አሸናፊው ሳይጠየቅም ይናገራል። የተሸናፊው ቃል ግን ጠያቂ ካላገኘ ከእርሱ ጋር ያልፋል፤ ግማሹ የጨዋታው ታሪክ ደግሞ በእርሱ ዘንድ ነው።

በመተማ ሜዳ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. የሆነው ነገር በአንድ ቀን የተወሰነ ነበር፤ ለንጉሥ ከዚያ በኋላ ሌላ ግጥሚያ የለውምና። አብዛኛው ሰው ግን ንጉሥ አይደለም። የብዙው ሰው ዕድሜ የሚመስለው የበታቹን ታጋይ ዕድሜ ነው፤ አራት ጥሎ ሦስት ይወድቃል፤ ሦስት ጥሎ አራት ይወድቃል፤ በሁለተኛው ወር ተመልሶ ይገባል። ይህን ዕድሜ ሙሉውን የሚጽፍ ሰሌዳ ያለው ሕዝብ ጀግኖቹን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያውቃል።